የተቆለፈው ፍሪጅ

ችኩል ነኝ። ሽሮ ሳይንተከተክ የማወጣ ሰው፣ ሁለት ወር ቁጭ ብሎ መጠበቅን የሚጠይቅ ጥናት ውስጥ ምን ከተተኝ?

ሥራው እንዲህ ነው። ሴሎችን ደካማ ጨረር ያለው ንጥረ ነገር እናበላለን። ከዚያ በስሱ ቆራርጠን፣ እንደ ፎቶ ፊልም የሚሠራ ፈሳሽ ቀብተን፣ በድፍን ሳጥን ፍሪጅ ውስጥ እናስቀምጣለን። ጨረሩ ቀስ እያለ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። በኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ይነሳና ነጥቦቹ ይቆጠራሉ።

የመጀመሪያውን ሳጥን በሁለተኛው ሳምንት ከፈትኩት። አንድ ነጥብ እንኳን የለም! መምህሬ የቀረችውን አንዲት ሳጥን ሰጠኝና፣ "ይቺ ከተበላሸች መመረቁን እርሺው" አለኝ። በዚያው ሰሞን የቤተ ሙከራው ፍሪጅ ሞተ። ሳጥኗን ታቅፌ በሚኒባስ ወደ አቃቂ፣ ወደ ተከራየሁበት ቤት ወረድኩ።

አከራዬ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ጨረር ስላቸው አማተቡ።

"ከወረቀት እንኳን አያልፍም እትዬ። ብቻ ሁለት ወር ብርሃን እንዳያያት" አልኳቸው። የመጀመሪያዋን ሳጥን ጉድም አወራሁላቸው። ምነው አፌን በቆረጠው! ፍሪጁን ቀጭ አድርገው ቆለፉት።

ወር ሲሞላ አላስችል አለኝ።

"እትዬ፣ አንድ ወር ሳይበቃት አይቀርም። ቁልፉን ይስጡኝ።"

"ሁለት ወር ብለሽ አልነበር?"

ለመንኩ፣ አለቀስኩ። እሳቸው ፊታቸውን አዙረው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሽንኩርት መላጥ ቀጠሉ። ስንት ቀን አኮረፍኳቸው!

ፋሲካ መጣ። የቅርጫ ሥጋቸው ጎረቤት ፍሪጅ ገባ። ያኔ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ፤ በሩ ሲከፈት የፍሪጁ አምፖል ስለሚበራ ለሳጥኗ ፈርተው ነው። ሳጥኗ ግን በጥቁር ፕላስተር ሦስቴ ተጠቅልላለች፣ አምፖል ምንም አያደርጋትም። ልነግራቸው አፈርኩ።

በስልሳኛው ቀን ራሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ፎቶዎቹ ሲደርሱ ነጥብ በነጥብ ሆነዋል! እየሮጥኩ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡ።

"ይቺን የዝንብ ኩስ ለማየት ነው?"

"አዎ እትዬ! ልመረቅ ነው!"

እልል አሉ። እልልታው አንጀቴን በላውና ተናዘዝኩ፤ "ይቅር ይበሉኝ፣ ፍሪጁን ቢከፍቱትም ሳጥኗ ምንም አትሆንም ነበር።"

"እሱንማ መች አጣሁት። ፕላስተሩን አላየሁም እንዴ?"

"ታዲያ ሥጋውን ለምን ጎረቤት ወሰዱት?"

"ፍሪጁን የቆለፍኩት ካንቺ ነው። ቁልፉን የለመንሽኝ ቀን ያስለቀሰኝ ሽንኩርቱ መሰለሽ? ልከፍትልሽ ምንም አልቀረኝም። ስለዚህ በማግስቱ ሄጄ ቁልፉን ለነፍስ አባቴ አስረከብኩ።"