ቡልጋሪያዊውና የአክስቴ ጉርሻ

አክስቴ ምግብ ቤት እንጫወት የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ ማንንም የመውቀስ መብት የለኝም፤ ግን ስወቅስ ኖሬአለሁ።

አራት ነበርን። ኪቦርድ እኔ፣ ድራም አንድ ኮሎምቢያዊ፣ ቤዝ አንድ ጋናዊ፣ ትራምፔት ደግሞ አንድ ረጅም ቡልጋሪያዊ። ቀን ቀን እኔ ቤልትስቪል አንድ ፋርማሲ ውስጥ ክኒን እቆጥራለሁ፣ ቡልጋሪያዊው አሳንሰር ይጠግናል። ማክሰኞ ማክሰኞ ግሪንቤልት እሱ ቤት እንሰበሰብና ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ተጣብበን ጃዝ እንለማመዳለን። እንዲህ ሆነን አራት ዓመት ቆየን። በአራት ዓመት ሰው ፊት የተጫወትነው ስድስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ከስድስቱ አንዱ የጋናዊው ልጅ ልደት ነው።

በአራተኛው ዓመት የቡልጋሪያዊው ሚስት ቴክሳስ ሥራ አገኘች። እሱ መሄድ አልፈለገም። "ቋሚ የምንጫወትበት ቦታ ካገኘን አሳምናታለሁ፤ ምድር ቤት ውስጥ ለመንፋት ብዬ ግን ትዳሬን አላፈርስም" አለን። እውነቱን ነው። ዜማዎቹን የሚጽፈው እሱ ስለሆነ፣ እሱ ከሄደ ባንድ የሚባል ነገር አይኖርም።

እዚያው አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ስልሳ ሰው የምትይዝ አንዲት የጃዝ ክለብ ነበረች። ባንድ የምትመርጠውን ሴትዮ በኢሜይል ስነዘንዛት ከረምኩ። በመጨረሻ "በአካል ሰምቼ ነው የምወስነው። የት ነው የምትጫወቱት?" አለችኝ። የትም አንጫወትም። አፌ ቀደመኝና "ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ" አልኳት።

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለቻቸው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መቀመጫ አይገኝባትም። ሄጄ ስለምናቸው "ቤቱ ያንተ አይደል እንዴ፣ የኔ ጌታ? ብቻ ፓርኪንጉን ብሎክ እንዳታደርጉብኝ" አሉኝ።

የሰጡን ቦታ እጅ መታጠቢያው አጠገብ ነበር። እጁን የሚታጠብ ሁሉ በእኔና በድራሙ መካከል ይሾልካል፤ ሲመለስ ደግሞ እርጥብ እጁን ኪቦርዴ ላይ ያራግፋል። ይህንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት የምግቡን ጉዳይ ነው።

ቡልጋሪያዊው ከመጫወቱ በፊት አይበላም። ሆዱ ከሞላ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ከንፈሩን በርበሬ ከነካው ደግሞ ነገር ዓለሙ ይበላሻል። እትዬ ገና በር ላይ "ብላ" አሉት፤ ፈገግ ብሎ አይ፣ አመሰግናለሁ አለ። ዕቃ ሲያወርድ ጠየቁት፤ አይ አለ። ሲቀመጥም ጠየቁት፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አይ አለ። እትዬ ወደ እኔ ዞረው "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው! ያሳደገችውን እናት ይባርክ" አሉኝ።

"እትዬ፣ የእውነቱን እኮ ነው።"

"እንግዳ አይደል? ይግደረደራል እንጂ አንዴ ሲሉት እሺ ይላል?"

"ሲጨርስ ይበላል። አሁን ከንፈሩ ነው ሥራው።"

"አንተ ደግሞ ጭራሽ ፈረንጅ ሆነሃል። ሰው አልበላም ስላለ ይተዋል?" ብለውኝ ወደ ጓዳ ገቡ።

ምን ልበላቸው? እሳቸው ባደጉበት ቤት በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ዓይነ ደረቅ ነው። ሦስት ጊዜ እንቢ ያለ ሰው ለእሳቸው ርቦት የሞተ፣ ግን በደንብ ያደገ ሰው ነው።

ሴትዮዋ በሰዓቷ መጥታ እኛው ፊት ተቀመጠች። ሁለት ዜማ ተጫወትን። ነጠላ ያጣፉ አንድ አባወራ እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ ጎንበስ ብለው "ሙከራው አላለቀም እንዴ? ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው?" አሉኝ። ቤልትዌይ ላይ ትራፊክ ይዞታል አልኳቸው።

ሦስተኛው ዜማ የእኛ ምርጡ ነው። ትራምፔቱ ይከፍታል፣ እኔ ብቻዬን ሁለት ዙር እጫወታለሁ፣ ከዚያ ትራምፔቱ ተመልሶ ዜማውን ያነሣል። ቡልጋሪያዊው አሳምሮ ከፈተው። ሴትዮዋም ሹካዋን አስቀመጠች። የእኔ ተራ ሲደርስ እሱ ትራምፔቱን ዝቅ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው እትዬ በአዋዜ ጥብስ የተሞላ ሳህን ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ። ሥራ የፈታ አፍ አይተዋል። ሁለት እጄ ኪቦርዱ ላይ ስለሆነ ራሴን ነቀነቅሁባቸው። ሙዚቃው የመሰጠኝ መስሏቸው እሳቸውም መልሰው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

"በሞቴ!" አሉት።

አይ ሊል አፉን ከፈተ፤ ጉርሻው ገባ። የጨቅላ ጭንቅላት የሚያህል ጉርሻ ነበር። እሱን ሳይውጥ "አንድ ጉርሻማ ያጣላል!" ብለው ሁለተኛውን ደገሙት። ቤቱ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ፤ የዚያን ቀን የመጀመሪያው ጭብጨባ እሱ ነው።

ሁለት ዙሬ አለቀ። ቡልጋሪያዊው እንባው እየወረደ በጣቱ "ቆይ" አለኝ። ሦስተኛ ዙር ሄድኩ። አሁንም ያኝካል። አራተኛ፣ አምስተኛ። ስድስተኛው ላይ የማውቀው ሁሉ አለቀብኝ፤ በንዴት ጣቴ ያገኘውን እመታ ጀመር። ጋናዊው በሳቅ ታጥፎ ቤዙን አንዴም አልሳተም። በመጨረሻ ቡልጋሪያዊው ያበጠ ከንፈሩን ትራምፔቱ ላይ ሲያሳርፍ የወጣው ድምፅ የተሰነጠቀ ፊሽካ ነው። ዜማውን እኔው እንደምንም ጨረስኩት።

በቃ፣ አለቀልን ብዬ ኪቦርዱን ስነቅል ሴትዮዋ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ በርቷል።

"ያ ረጅሙ ክፍል ድንቅ ነበር። በየወሩ የመጀመሪያውን ሐሙስ ብሰጣችሁ ትመጣላችሁ?"

አራት ዓመት የጠበቅሁት ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ አንገቴን ሰበር አድርጌ "ኧረ እኛ ገና ነን። ከእኛ የሚሻሉ ብዙ አሉ፣ እነሱን ብታይ ይሻላል" አልኳት። አልኩና ጠበቅሁ። "አይሆንም፣ እናንተን ነው የምፈልገው" ትላለች፤ እኔም "እንግዲህ ካልሽ" እላለሁ። ፈገግታዬን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

"እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" ብላ እጄን ጨበጠችኝና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ምን እንደሠራሁ ሲገባኝ ሮጬ ፓርኪንጉ ደረስኩ፤ መኪናዋ መንገዱን ይዛለች። በማግሥቱ ኢሜይል ጻፍኩላት፤ ሐሙሱን ለሌላ ባንድ ሰጥታለች።

ያን ዕለት ከፓርኪንጉ ስመለስ ቡልጋሪያዊው አፉን በናፕኪን እየጠረገ "ምን አለች?" አለኝ።

"አልሆነም" አልኩት። ሳህኑን አየና ሣቀ። "አክስትህን እንዳትቆጣቸው፤ ይጣፍጥ ነበር" አለኝ። በዚያው በጋ ቤቱን አሽጎ ቴክሳስ ገባ።

እትዬ ግን አልረሱትም። በሄድኩ ቁጥር "በእኔ ጦስ ነው፤ የልጁን ዕድል በገዛ እጄ ዘጋሁበት" ይላሉ። እኔ ደግሞ "ያለፈ ነገር ነው፣ ይተዉት እትዬ" ብዬ አልፋለሁ። ሴትዮዋን የመለስኳት እኔው መሆኔን አንዴም አልነገርኳቸውም።

በቀደም ዕለት እዚያው ተቀምጬ ሳለ ከሎረል ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ እትዬን ሊጠይቁ ለብቻቸው ገቡ። እትዬ ምሳ ይዘው ቀረቧቸው። ሽማግሌው በወጉ "ኧረ ይቅርብኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። እትዬ "እሺ" ብለው ሳህኑን ይዘው ተመለሱ። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው ኖሮ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቁ የጓዳውን በር ሲያዩ ቆዩ።