የጾም ኪሎ

መጀመሪያ ያየሁት እጃቸውን ነው። ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ፣ የሸምሱ ሱቅ በር ላይ ቦርሳዬን ሳስቀምጥ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሴት እንዳይረገጥ ብለው በአንድ እጃቸው አነሡት። ወደ ጎን ከማድረጋቸው በፊት ጥቂት አየር ላይ አቆዩትና «ስምንት ኪሎ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

«ይኸው፣ እጅሽ አላረፈም» አላቸው ሸምሱ ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ። «እንግዲህ ዝቋላ ወረዳ ሂጂ! የጤና ቢሮዋ ልጅ ዛሬ መልስ ፈልጋ ትመጣለች።»

«ሚዛን አልነካም ብያለሁ።»

እትዬ ምስራቅ ይባላሉ፤ ሃምሳን ተሻግረዋል። ከስድስት ዓመት በፊት «ደጋ ክንፍ» የሚባል የግል አየር መንገድ ሰቆጣ ድረስ ይበር ነበር። አንዲት ባለ አሥራ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን፣ አንድ የአፈር ሜዳ፣ አሥራ አንድ ወር ዕድሜ። እሳቸው የእህል መጋዘን መዛኝ ስለነበሩ መንገደኛውን ከነጓዙ እንዲመዝኑ ተቀጠሩ። ሰው እንደ ጤፍ ተመዝኖ እንደሚሳፈር አላውቅም ነበር፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ቀልድ መሰለህ?» አሉኝ። «አገራችን ከፍታ፣ አየሩ ስስ፣ ሜዳው አጭር። ከልክ በላይ ከጫነች አትነሣም። አብራሪው የሚያምነው እኔ የጻፍኩትን ነው።»

«ቄስ ገብረ ኢየሱስን ሚዛን ላይ ያወጣሻቸው ቀንስ?» ሳቀ ሸምሱ። «‹እኔ በግ ነኝ ወይ?› አላሉሽም?»

«መስቀላቸውንም አብሬ መዘንኩት።»

ከዚያ ዐቢይ ጾም መጣ። ተሳፋሪው ያው ነበር፤ ነጋዴ፣ ካህን፣ የቢሮ ሰው። ሁሉም በየሳምንቱ ይመላለሳል፣ የሁሉም ኪሎ እትዬ ምስራቅ መዝገብ ላይ አለ። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ማክሰኞ ነፋስ ተነሣ፤ አብራሪው «ቶሎ በሉ!» አለ። እትዬ ምስራቅ ጓዙን ብቻ መዘኑና የሰዉን ኪሎ ከጾሙ መዝገብ ገለበጡ። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ ዘጠኝ ቀን ሥጋ የበላ ሰው! ጾም በኪሎ የሚቆጠር ነገር መሆኑን ይህን እስክሰማ ድረስ አስቤው አላውቅም።

«የእኔ አልተለወጠም» አለ ሸምሱ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ያን ቀን ተሳፍሬ ነበር። ጾሙንም አልጾምኩ፣ ፋሲካውንም አልበላሁ። አውሮፕላኗን ያስቀራችኋት እናንተ ናችሁ!»

እትዬ ምስራቅ አልሳቁም። አውሮፕላኗ ሮጠች፣ ሮጠች፣ አልነሣ አለች። አብራሪው ፍሬን ያዘ፤ ከሜዳው ጫፍ ያለው ገደል ጋ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ሲቀራት የፊት ጎማዋ የድንጋይ እርከን ላይ ተሰበረ። ማንም አልተጎዳም። ኩባንያው ግን ሌላ አውሮፕላን አልነበረውም።

«ኩባንያው መንገዳገድ ከጀመረ ቆይቶ ነበር» አለ ሸምሱ ቀስ ብሎ። «አንቺ አልዘጋሽውም።»

«መዘጋቱን መቼ አሰብኩ? ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ገደሉ ነው። አንተም እኮ ውስጧ ነበርክ።»



ይህን ስንጨዋወት ኤደን የተባለችው የጤና ባለሙያ መጣች፤ ሕፃናት የሚመዘኑበት ተንጠልጣይ ሚዛን ይዛለች። ዝናብ ስለቀረ ዝቋላ ውስጥ የከሱ ሕፃናትን ሊለዩ እየሄዱ ነው፤ የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣናንም ሚዛንንም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ።

«እትዬ፣ መኪናው ሊነሣ ነው። ይመጣሉ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?»

«ከተሳሳትኩስ? ኪሎው በዝቶ ከተጻፈ ልጁ ምግብ ሳያገኝ ይቀራል።»

«አዎ» አለች ኤደን። አላባበለቻቸውም።

እትዬ ምስራቅ ሚዛኑን ተቀብለው ከበሩ በላይ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። መጀመሪያ የሸምሱን አንድ ኪሎ ስኳር መዘኑ፤ ልክ ነበር። ቀጥሎ የእኔን ቦርሳ። መርፌው ሰባት ላይ ቆመ።

ስምንት ብለው ነበር። ደንግጠው የሚተዉት መሰለኝ። ፊታቸው ግን ፈካ።

«አየህ? እጄ ዛሬም ይዋሻል፤ ሚዛኑ ግን አልዋሸም።» ወደ ኤደን ዞሩ። «ካለፈው መዝገብ አልገለብጥም። አንድ ልጅ በሳምንቱ ቢመለስ እንደ አዲስ ይሰቀላል። መኪናው ቢቸኩልም አልቸኩልም።»

«ይጠብቅዎታል።»

«እኔንስ ሳትመዝኚኝ?» አለ ሸምሱ።

«ይህ የሕፃን ነው፤ ይበጠስብኛል!»

ሚዛኑን በነጠላቸው ጠቅልለው አቀፉትና ወደ መኪናው ሄዱ። መሀል መንገድ ላይ ቆመው ፈቱት፤ መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑን አይተው እንደገና ጠቀለሉት። ከዚያ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ሄዱ።