አጥሩ ያልተቀየረበት ሰማይ

በፎቶ ቤቱ ሰፈር ሁሉም «አጣሪዋ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ፎቶ ስለምታጠራ ብቻ አይደለም። ሰው «ደህና ነኝ» ሲላት እንኳ «ምን ተገኘ?» የምትል ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ከመታወቂያ ፎቶ ላይ ብጉር ታጠፋለች፣ የሙሽራ ጥርስ ታነጣለች፣ ሠርግ የቀረውን ዘመድ ከሌላ ፎቶ ቆርጣ ከሙሽሮቹ ጎን ታቆማለች። ፎቶ እንዴት እንደሚዋሽ እጇ ያውቀዋል፤ ሰውንም የምታየው በዚያው ዓይን ነው።

የታናሽ እህቷ ባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቁጥብ፣ ነገር የማያበዛ ሰው። በቅርቡ ግን አንድ አመል አወጣ። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ካሜራውን አንጠልጥሎ ፎቶ ቤት ይመጣል። ያነሳው ሁሉ የሌሊት ሰማይ ነው።

«እትዬ፣ ከዋክብቱን አድምቂልኝ» ይላታል።

እሷም ከሩቅ ከተማ የሚረጨውን ብርቱካናማ ብርሃን ትቀንሳለች፣ አሸዋ የተበተነበት የሚመስለውን ታለሰልሳለች፣ ፍኖተ ሐሊብን፣ ያንን ነጭ የከዋክብት ጎዳና፣ ከጨለማው ጎትታ ታወጣለች። ለእሱ ግን አይበቃውም። አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ይጠጋና ትንሽ እንድትጨምር ይለምናታል። ከዚህ በላይ ከሄደች ሰማዩ ውሸት እንደሚሆን ስትነግረው፣ ይሁን፣ ግድ የለም አላት።

ይቺ «ግድ የለም» አልተዋጠችላትም። እሱ እንደወጣ ፎቶውን መልሳ ከፈተችና ከሥር ጥቁር ሆኖ የቀረውን ክፍል ቀስ እያለች አበራችው። መጀመሪያ የእንጨት አጥር ብቅ አለ። ቀጥሎ የልብስ ገመድ። ገመዱ ላይ አበባማ የሴት ቀሚስ። ያለፉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አወጣችና እነሱንም አበራች። ሰማዩ ይለዋወጣል፤ አጥሩ ግን ያው ነው። እሱ ደግሞ መሪ ይዞ እንደሚያድር፣ ዓይኑን ለማሳረፍ ባቆመበት ሁሉ እንደሚያነሳ ነበር የነገራቸው።

እህቷን በዘወርዋራ ብትጠይቃት፣ መንገድ ላይ ሲሆን ማታ ማታ ስልኩ እንደሚዘጋ፣ ቤት ሲሆንም ገና ሳይመሽ እንደሚተኛ ነገረቻት። አጣሪዋ ከአንዱ ፎቶ ጥግ ላይ በብረት እግሮች የቆመ፣ ወደ አንድ ጎኑ ያዘመመ የውኃ ጋን አይታለች፤ ያንን ጋን በዋናው መንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ብላ፣ ለአለቃዋ ጥርሴን ልነቀል ነው አለችና ሚኒባስ ተሳፈረች።

አጥሩ በጠራራ ፀሐይም ያው አጥር ነው። አበባማውን ቀሚስ የለበሰች፣ በእሷ ዕድሜ ያለች ደርባባ ሴት ግቢውን ትጠርጋለች። ለሾፌሮች አልጋ እንደምታከራይ በሩ ላይ ተጽፏል። አጣሪዋ የአማቿን መልክና የመኪናውን ቀለም ነገረቻት።

ሴትዮዋ መጥረጊያውን አስደግፋ በጥርጣሬ አየቻት። «ሚስቱ ነሽ?»

«የሚስቱ እህት ነኝ። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«አንድ ቀን ሰው መምጣቱ አይቀርም ብዬ ነበር። እዚህ ነው የሚያድረው። እጁን ይዤ አስገባዋለሁ፣ ሲነጋ ይሄዳል።»

አጣሪዋ ደሟ ፈላ። እጁን የሚያስይዝ ምን እንዳለ ጠየቀቻት።

«ፀሐይ ከገባች በኋላ ምን ያያል ብለሽ ነው? ካሜራውን በቀን ብርሃን ያቆማል፤ ሲጨልም ቁልፉን የምጫንለት እኔ ነኝ።»

መልሱ የተዘጋጀ መሰላት። መቼም ሾፌርና አልጋ አከራይ ተማክረው የማይፈጥሩት ተረት የለም እያለች ተመለሰች። ለእህቷ ትንፍሽ አላለችም፤ በራሷ መንገድ ልታጣራ ቆረጠች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሾፌሩ ሳይተኛ ልትደርስበት ገና ጨለም እንዳለ እህቷ ቤት ሄደች። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ደመና ለብሷል። ሾፌሩ በረንዳው ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አጠገቡ ቆመችና ቀና አለች።

«ከዋክብቱ ዛሬ ደምቀዋል አይደል?»

እሱም ቀና አለ። ረጅም ጊዜ አየ። «አዎ እትዬ፣ በጣም» አላት።

ያሰበችውን ሁሉ፣ የተዘጋጀችበትን ስድብ ሁሉ ዋጠች።

«አንድም ኮከብ የለም» አለችው ቀስ ብላ። «ደመና ነው።»

ሾፌሩ ግድግዳውን እየዳበሰ ወርዶ ተቀመጠ። ከዋክብቱ ጥቂት በጥቂት እንደጠፉበት ነገራት። መጀመሪያ ጥፋቱ የሰማዩ መስሎት ነበር። ካሜራ የገዛው ለማረጋገጥ ነው፤ ፎቶው ላይ ሲያያቸው ጥፋቱ የገዛ ዓይኑ መሆኑን አወቀ። አሁን ከዋክብትን የሚያየው ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ መሪ ጨብጦ እንደማያውቅ በልጆቹ ማለላት። አጣሪዋ መሐላውን እንደሰማች አላመነችም፤ በማግስቱ ሄዳ የመኪናውን ረዳትም ጠየቀች። መሐላው እውነት ነበር።

ያን ምሽት ግን እጁን እስኪሰጣት ሳትጠብቅ ይዛ አስነሳችውና ወደ ሚስቱ አስገባችው።

ሐኪሙ ዳፍንት ነው፣ የዚህኛው ዓይነት ደግሞ አይድንም፣ በቀንም ቢሆን እይታውን እያደር ያጠበዋል አላቸው። ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱን መለሰ። ድርጅቱ መጋዘን ውስጥ ጭነት ተቆጣጣሪ አደረገው፤ የሚሠራው ቀን ቀን ብቻ ነው። እህቷ ባሏን ቶሎ ይቅር አለችው፤ አጣሪዋን ግን ከእኔ ቀድመሽ እንዴት አወቅሽ ብላ ሰንብታ ነው ያናገረቻት። ባነጋገረቻት ቀን ያስቀደመችው ጥያቄ መጀመሪያ ምን መስሎሽ ነበር የሚል ነበር።

«ሴት» አለቻት አጣሪዋ።

እህቷ ሳቀች፤ ስቃ ስቃ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ምነው ነገሩ ሴት በሆነ» አለች።