«ይጠብቃል» የተባለው ብሎን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የአማርኛ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። ጠብቀውና ላልተው ሲነበቡ ትርጉማቸው የሚለወጥ ቃላት አምጡ ተብለዋል። «ገና»ን እና «ዋና»ን ራሷ አግኝታለች። «አንድ ጨምሪልኝ፣ እማማ» አለችኝ። አንዲት ቃል አፌ ላይ መጥታ ነበር፤ ዋጥኳት። «አለ» ብለሽ ጻፊ አልኳት።

የዋጥኳት ቃል ወንድሜን ቶሎሳን የቀበረች ናት።

ያኔ ሱሉልታ ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። ቶሎሳና ጓደኛው ሰለሞን ከቤታችን ጓሮ፣ ቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ አንድ ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ሠርተዋል። ሞተሯ የአሮጌ ቮልስዋገን፣ የክንፏ ልብስ እኔ የሰፋሁት አቡጀዲ ነው። ሰዉ «እብዶች» እያለ ሳቀ። ኅዳር ላይ ሣሩ ታጭዶ ሜዳው ሲራቆት፣ ተነሥታ ዞራ ስታርፍ ግን ያው ሰው እልል አለ። መሥራቱ ከባድ ይመስላል እንጂ የሚከብደውስ ከሠሩ በኋላ ያለው ነው። በበረረች ቁጥር ብሎን ይላላል፣ ሽቦ ይረግባል፣ ጨርቁ ይሸበሸባል። የቤንዚንና የድርቆሽ ሽታ ከልብሳችን አይጠፋም ነበር።

ቶሎሳ ቡራዩ ፋብሪካ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ በአዘቦቱ ቀን የሚጠግናት ሰለሞን ነበር። ስለማይገናኙ በጠመኔ ጣውላዋ ላይ ይጻጻፋሉ። «ተቀብቷል»፣ «ይቀየራል»፣ «ጠብቋል»።

አንድ ሐሙስ መብራት ጠፍቶ ፋብሪካው ሠራተኛውን አሰናበተ፤ ቶሎሳ ሳይጠበቅ መጣ። ሰለሞን አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት ቀን ነው፤ ወንድሜ ደግሞ እንዲህ ያለውን ቀን ማሳለፍ አይሆንለትም። ጎንበስ ብሎ መቀመጫው ሥር አየ። ከመሪው ወደ ጭራው የሚሄደውን ዘንግ የያዘው ብሎን አጠገብ አንዲት ቃል ተጽፋለች።

«ይጠብቃል» ብሎ አነበበ፤ «ብ»ን አላልቶ፣ ብሎኑ ጥብቅ ነው እንደማለት። «ሰለሞን ካየው አለቀ። ጫልቱ፣ በሩን ክፈቺልኝ!»

ከፈትኩለት።

ከባሕር ዛፎቹ በላይ ሲወጣ አየሁት። ከዚያ ጭራዋ ተንጠለጠለ፤ አፍንጫዋን ደፍታ ወረደች። ስደርስ ሣር አጫጆቹ ቀድመውኝ ነበር። እንዳየው አልፈቀዱልኝም፤ ያየሁት በደም የራሰውን አቡጀዲዬን ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎች ግቢያችን ተቀመጡ። ተሰብሮ የተረፈው ጣውላ መሀላቸው ነበር።

«ይጠብቃል ብሎ ጽፎ ልጄን ገደለው! ጉማ ይፈረድልኝ» አለች እናቴ። ጉማ የደም ካሳ ነው። እሷን የገደዳት ካሳው አልነበረም፤ ልጇ በሰው ጥፋት እንጂ በራሱ ችኮላ እንዳልሞተ እንዲነገርላት ነበር የፈለገችው።

ሰለሞን አንገቱን ደፍቶ፣ «ብሎኑ ጥርሱ አልቆ ነበር። አዲስ ልገዛ መርካቶ ወርጄ ነው። እስክመጣ ይጠብቃል ማለቴ ነበር» አለ። ማንም ያመነው አልመሰለኝም።

እንግዲህ ቋንቋችን እንዲህ ነው። ቃሏ ጠብቃ ስትነበብ ብሎኑ ላልቷል፤ ቃሏ ላልታ ስትነበብ ብሎኑ ጠብቋል። ማን ይህን ያስባል?

ሽማግሌው ኦቦ ዳባ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሥራቸውን ሁሉ ታውቂዋለሽ። ሰለሞን ይህችን ቃል እንዴት ነው የሚላት?»

እናቴ አየችኝ። ዓይኗ ይለምነኝ ነበር። አንዲት ፊደል ማላላት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«አጥብቆ ነው የሚላት፣ አባ። ገና ነው፣ ይቆያል ለማለት። ላለቀውማ ‹ጠብቋል› ነው የሚጽፈው። አላልቶ ያነበባት ቶሎሳ ነው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሰለሞን ነፃ ወጣ፤ ወሩ ሳያልቅ ጓዙን ጠቅልሎ ሰበታ ገባ። እናቴ የፍርዱ ዕለት፣ «እኔ አንዴ ቀበርኩት፤ አንቺ ደገምሽው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ያስታመምኳት እኔ ነኝ፤ አጠብኳት፣ አጎረስኳት። ልትሞት ሰሞን ጎረቤቱን ተራ በተራ መረቀች፣ ወተት የምታመጣልንን ሴት ሳይቀር። እኔም ተንበርክኬ ራሴን ከእጇ ሥር አደረግሁ። እጇን ሰበሰበች።

ዛሬም ሽማግሌዎቹ ቢጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ፤ እውነቱ እሱ ነውና። ልጆቼ መንገድ ሲወጡ «መርቂን» ይሉኛል። እመርቃቸዋለሁ፤ ግን እኔ ያልተሰጠኝን ነገር የምሰጣቸው ስለሚመስለኝ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።