በስንጥቁ ላይ የለጠፍኩት መስታወት

ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ራሴን አስተምሬያለሁ። ስለዚህ የጎረቤቴ ሱቅ ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ ምክንያቱን ለማወቅ መጀመሪያ የተነሳው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

ነዳጅና ጋዝ ከምድር ሆድ ሲወጣ ከላይ ያለው መሬት ቀስ እያለ እንደሚሰምጥ አንብቤ ነበር። ፈሳሹ ሲጎድል ታች ያለው ድንጋይ ይታመቃል። በየካ ነዳጅ የለም፤ ግን ከቁልቁለታችን ግርጌ፣ ወደ ቀበና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠጣበት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ አለ። “ጥፋተኛው እሱ ነው” አልኩ።

ባለሱቋ ሳቀች። “ጋሼ፣ ይዘጋ ሊሉ ነው? ምን ልንጠጣ?”

“ሱቁ ቢወድቅብሽስ?”

ሳቋ ጠፋ። አራት ልጆች የምታሳድገው በዚያች ሱቅ ነው።

ጉድጓዱ እንዲዘጋ የሚጠይቀውን ማመልከቻ ራሴ ጻፍኩት። አጻጻፌ ያማረ ስለነበር ብዙ ሰው ፈረመ። እኔ ግን ሳላረጋግጥ አላስገባም አልኩ። ቀጫጭን የመስኮት መስታወት ቆርጬ፣ አንዱን በሱቋ ስንጥቅ ላይ፣ ሌሎቹን ለጉድጓዱ በሚቀርቡ ሦስት ቤቶች ስንጥቆች ላይ በጀሶ ለጠፍኩ። ግድግዳ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል።

በጋው ሲገፋ የሱቋ ተሰበረ። ለጉድጓዱ የቀረቡት ሦስቱ ምንም አልሆኑም።

እንቅልፍ አጣሁ። ጉድጓዱ ቢሆን ኖሮ እነሱ ይቀድሙ ነበር። አካፋ ይዤ በሱቋ ጥግ ቆፈርኩ። ጥቁሩ አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከመሠረቱ በታች ክንድ የሚያህል የዛፍ ሥር ተጋድሟል። ተከትዬው ስሄድ ከግቢዬ ባሕር ዛፍ ላይ አደረሰኝ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ችግኙን አምጥቼ የተከልኩት እኔው ነኝ።

ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም፤ የተፈረመውም ማመልከቻ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ከዚያ ባለሱቋን ጠራኋት።

ሥሩን አየች፤ ዛፉን አየች። “የማን ነው?” አለች እያወቀች።

“የእኔ።”

“እንግዲያው ማመልከቻውን ለእርስዎ ላስገባ?”

በዚያው ሳምንት ዛፉን ቆረጥኩ። ሐሳቤ ግን ትክክል ነበር፦ ከሥር ፈሳሽ ሲመጠጥ መሬት ይወርዳል። የሳትኩት መጣጩን ብቻ ነው፤ እሱንም ያገኘሁት ራሴ ነኝ።

ክረምት አልፎ ስንጥቁ ሲጠብ አዲስ መስታወት ለጠፍኩ። ጉቶው አሁንም ያቆጠቁጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡቃያውን መልምዬ ወደ ሱቋ ብቅ እላለሁ። ባለሱቋም አቧራውን ከመስታወቱ ላይ ጠረግ አድርጋ፣ ገና “እንደምን አደሩ” ሳትለኝ፣ “ጋሼ፣ አልተሰበረም” ትለኛለች።