የአቻን ቫዮሊንና የባሮ ዓሣ

አቻን አኳይን የማውቃት አስተማሪ ሆኜ ጋምቤላ ከገባሁበት ዓመት ጀምሮ ነው። እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር እሷ ከግድግዳው ማዶ አራተኛ ክፍል ታስተምር ነበር። በከተማው ከእሷ ሌላ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው አላየሁም። አንዳንዱ መሣሪያውን "የፈረንጅ ማሲንቆ" ይለዋል፤ ተማሪዎቿ ግን "የቲቸር ልጅ" ነበር የሚሉት። እውነትም እንደ ልጅ ነበር የምትይዘው።

ትውልዷ አቦቦ ነው። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ከሥራ ሲመለሱ ቶም ይጫወታሉ። ቶም በአውራ ጣት የሚነካ፣ የብረት ምላሶች ያሉት የአኙዋ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። መቃኘትን የተማረችው ከእሳቸው ነው። "አንዷ ምላስ ከተዛነፈች ቤቱ በሙሉ ይጣላል ይሉ ነበር" ብላኛለች።

ለመምህርነት ሥልጠና አዲስ አበባ በነበረችበት ጊዜ ደግሞ ከምታድርበት ቤት ዝቅ ብሎ እታገኝ የሚባሉ የቫዮሊን አስተማሪ ይኖሩ ነበር። ድምፁን በመንገድ ስታልፍ ሰማች። ሁለት ቀን አጥር ሥር ቆማ አዳመጠች፤ በሦስተኛው ቀን በሩን አንኳኳች። ሁለት ዓመት ተኩል ተማረች። ወደ አገሯ ስትመለስ እትዬ እታገኝ ያረጀ ቫዮሊናቸውን አስታቅፈው፣ "ቆላ ነው የምትወስጂው። እንጨት ሙቀት አይወድም። አደራ!" አሏት።

አደራውን ሠላሳ ዓመት ጠበቀች። በበጋ ጋምቤላ ሲነድ ሣጥኑ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ የያዘች ትንሽ ቅል ታስቀምጣለች፤ እንጨቱ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ነው። ክረምት ሲገባ ቅሏን አውጥታ በጨርቅ የታሰረ ሩዝ ትተካለች፤ ሩዙ እርጥበቱን ይጠጣል። ለደጋኑ የሚሆን የፈረስ ጭራ እዚህ ስለማይገኝ ደጋ የሚሄድ ሹፌር ሁሉ ይለመናል። አንዱ በፈረስ ፈንታ የበቅሎ ጭራ አምጥቶላት ለአንድ ወር ስንስቅ ከረምን።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኗ መኪና ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ትሄዳለች። እዚያ ኛሪየክ የምትባል ኑዌር ሴት የመዘምራኑ መሪ ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን ቫዮሊኑን አይታ፣ "ይሄን እኔ መማር እችላለሁ?" አለቻት። ጀመሩ። ሁለት ተጫዋች፣ አንድ ቫዮሊን። ኛሪየክ ሳምንቱን ሙሉ በከሰል መስመር ባሰመረችበት እንጨት ላይ ጣቶቿን ታለማምድና ቅዳሜ እውነተኛውን ትይዛለች። በሁለት ዓመት ውስጥ አቻን፣ "ዘንድሮ ፋሲካ ላይ አንቺ ነሽ የምትጫወቺው፤ እኔ አልነካውም" አለቻት።

ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኢታንግ መንገድ ላይ የመኪናው ጎማ ፈነዳ። ሁሉም ወርዶ ጥላ ፍለጋ ሲራኮት ቫዮሊኑ ከኋላ ወንበር ተረሳ። አቻን ሮጣ ስትመለስ የመኪናው ቆርቆሮ በፀሐይ ግሎ እጅ ይልጥ ነበር። ሣጥኑን ከፈተች። የቫዮሊኑ ሆድ ከጎኑ ተላቅቆ አፉን ከፍቷል።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስትመጣ አላለቀሰችም። ክፍሏን አስተምራ ጨረሰችና፣ "አብዱልባሲጥ ዘንድ አብረሽኝ ሂጂ" አለችኝ። አብዱልባሲጥ ገበያው አጠገብ በርና አልጋ የሚሠራ አናጢ ነው። ቫዮሊኑን ሲያይ እጁን በሱሪው ጠረገ እንጂ አልነካውም።

"ቲቸር፣ እኔ በር ነው የምሠራው" አላት።

"ይሄም እንጨት ነው።"

"እንጨትስ እንጨት ነው። በኮላ ባጣብቀውስ?"

አቻን ለእትዬ እታገኝ ደወለች። አሮጊቷ በስልክ የጮኹት እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። "ኮላ እንዳታስነኪው! ኮላ አይለቅም። ሙቀት ከልክ ሲያልፍ መልቀቅ ያለበት ሙጫው ነው፤ ሙጫው እንቢ ካለ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ከቆዳ የሚሠራ ሙጫ ፈልጉ።"

አብዱልባሲጥ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። አባቱ የቆዳ ሙጫ ሲያፈሉ በልጅነቱ አይቷል። በማግስቱ የፍየል ቆዳ አምጥቶ ከሱቁ ጀርባ ጣደ። ገበያው በጠረኑ ታመሰ። ሙጫውን በሁለት ቁራጭ እንጨት ላይ ሞከረው፤ ደርቆ ገና ሲነካ እንደ ብስኩት ተፈረካከሰ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ።

መፍትሔው የመጣው ከአቻን ወንድም ከኦቻን ነው። ባሮ ላይ ዓሣ ያጠምዳል፤ ብዙ አይናገርም። እህቱን ሊጠይቅ መጥቶ ነገሩን ስትነግረው፣ "አባባ የቶሙ እንጨት ሲሰነጠቅ በምን ነበር የሚያጣብቀው?" አላት።

"እኔ እንጃ፤ በምን ነበር?"

"በዓሣ። የትልቁ ዓሣ ሆድ ውስጥ ነፋስ የሚይዝ ፊኛ አለ፤ እሱን። ግን አይፈላም። ይሞቃል ብቻ። ጣት ቢገባ የማያቃጥል።"

አቻን ከአባቷ ሁሉን የተማረች ይመስላት ነበር፤ ይህን ግን ታናሽ ወንድሟ ነበር አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያየው።

ኦቻን በሁለተኛው ቀን ክንድ የሚያህል ፊኛ ይዞ መጣ። አጥበው አደረቁት፤ አብዱልባሲጥ በስሱ ከትፎ በትንሽ ጣሳ ውኃ ዘፈዘፈው፤ ጣሳውን ውኃ በያዘ ድስት ውስጥ አስቀምጦ በፍም አሞቀው። ድስቱ የሚስቱ የነጅሚያ ነበር።

"ምንድን ነው በድስቴ የምትሠራው?" አለች መጥታ።

"ቫዮሊን።"

"ቫዮሊን ዓሣ ዓሣ ይሸታል እንዴ?"

"ይሄኛው ይሸታል" አላት። እየሳቀች ሄደች፤ ድስቱን ግን መልሳ አልተቀበለችውም።

ሙከራው ያዘ። ሁለቱን ቁራጭ እንጨቶች ፀሐይ ላይ አውሎ፣ በጉልበቱ ታግሎ ሊያላቅቃቸው አልቻለም። ያን ጊዜ ነው ቫዮሊኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ያነሣው። ሙጫውን በቀጭን ብሩሽ ቀብቶ፣ ከአሮጌ የባጃጅ ከመነዳሪ በቆረጣቸው ጠባብ የጎማ ጠፍሮች ዙሪያውን ጠምጥሞ አሰረው። አራት ቀን እንዲቆይ አዘዘ። በነዚያ አራት ቀናት አቻን በየሰበቡ በሱቁ ታልፋለች፤ እሱም ሳትጠይቀው፣ "ደህና ነው፣ ደህና ነው" ይላታል።

ሲፈታ የተጣበቀበት መስመር እንኳ በግድ ነበር የሚታየው። አቻን ክሮቹን አጥብቃ ቃኘችና እዚያው የእንጨት ፍቅፋቂ መሐል ቆማ ተጫወተች። ጎረቤት ነጋዴዎች ከየሱቃቸው ወጡ። ወፍራሙ ክር ከድሮው ትንሽ ሻከር ብሏል። አብዱልባሲጥ አንገቱን አዘንብሎ ሰማና፣ "አበላሸሁት?" አላት።

"ጎረመሰ እንጂ አልተበላሸም" አለችው።

የፋሲካ ዕለት ትየርኪዲ የሄድነው አቻን፣ እኔና ኦቻን ነን። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ውጭ ድረስ ቆሟል። ኛሪየክ ነጭ ለብሳ ወጣች። መጀመሪያ የዜማው ጅማሬ ጠፋባት። አቆመች። ዓይኗን ጨፍና እንደገና ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ መንገዱን አገኘችው። መዘምራኑ ተከተሏት፤ እናቶች እልል አሉ።

አቻን አጠገቤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ክንዴን ያዘችኝ። "ከሩቅ እንዲህ ነው የሚሰማው?" አለች። ቀስ ብዬ "ምኑ?" ስላት፣ "ሠላሳ ዓመት ከአገጬ ሥር ነው የሰማሁት። ፊት ለፊት ተቀምጬ ሰምቼው አላውቅም" አለችኝ። እንባዋን አልጠረገችም።

ከዚያ በኋላ ቫዮሊኑ አንዱን ሳምንት ኛሪየክ ዘንድ፣ ሌላውን ሳምንት አቻን ዘንድ ይቆያል፤ ቅሏም አብራው ትመላለሳለች። አብዱልባሲጥ ደግሞ ከዚሁ አካባቢ እንጨት የራሱን ቫዮሊን መሥራት ጀምሯል። የመጀመሪያው ወፍራም ሆኖ ድምፅ እንቢ አለው። ሁለተኛውን ባለፈው ሳምንት ሳየው ሆዱን በብርጭቆ ስባሪ እየፋቀ ያሳሳ ነበር፤ ኦቻን አጠገቡ ተቀምጦ ሆዱን በጣቱ አንኳኩቶ ያዳምጥና፣ "ገና ነው" ይለዋል።