ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሙቀት

መምህሬ የመጀመሪያውን ግራፌን መልሰውልኛል። ለደሴ አንድ ነጥብ፣ ለኮምቦልቻ አንድ ነጥብ አድርጌ በማስመሪያ አገናኝቻቸው ነበር። «መሃሉን በምን አወቅህ?» አሉኝ። ስለዚህ የማስረከቢያው ቀን ሳያልፍ፣ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ እየወረድኩ የአየሩን ሙቀት ልለካ ቆርጬ ተነሳሁ።

ቴርሞሜትሩን ላወጣ መስኮቱን ገና ገርበብ ሳደርገው ሚኒባሱ ተንጫጫ። «ዝጋው! ንፋስ ልታስመታን ነው?» ጉዳዬን ባስረዳም የሚሰማኝ ጠፋ። እኔም አልተውም አልኩ። በመጨረሻ ከፊቴ ባለው ወንበር፣ መስኮቱ ጥግ የተቀመጡ ጋቢ የደረቡ እናት አዘኑልኝ።

«አምጣው፣ እኔ በዚች ክፍተት አውጥቼ እይዝልሃለሁ። አብሽር!»

በየመታጠፊያው «እማማ፣ ያቀብሉኝ» እላለሁ። በትከሻቸው ላይ ያቀብሉኛል፤ አንብቤ፣ ከፍታውን ከስልኬ አይቼ፣ ነጥቤን አስቀምጬ እመልስላቸዋለሁ። መስመሩ መጀመሪያ በፍጥነት ሽቅብ ወጣ፤ ከዚያ ግን ጋደም ብሎ ቀረ። ደጋግሜ ባነብም ያው ነው። መሣሪያውን ተጠራጠርኩ፤ ራሴንም ተጠራጠርኩ። ኋላ ግን የለካሁትን መካድ አልችልም ብዬ፣ ከግራፉ ሥር «ከሐረጎ አጋማሽ በታች ከፍታ ሙቀትን አይለውጥም» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኳቸው።

«እማማ፣ እጅዎ በንፋስ ደነዘዘ አይደል?»

«ኧረ ወላሂ ምንም አልሆንኩ!» አሉና ቴርሞሜትሩን ከጋቢያቸው ሥር፣ ከብብታቸው መዘው ሰጡኝ። «እሱንም ንፋስ እንዳይመታው ብዬ ነው።»